ስለ ጓሮው ፖምና ስለ ቀለም ጣሳው የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ

ቦታ፦ የቤታችን ሳሎን፣ የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ

ስብሰባው የተጠራው ለስምንት ሰዓት ሲሆን የተጀመረው ለዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ነው። የዘገየው ከአባላቱ አንዱ የሠሩትን የብረት አጥር በሳሎኑ በር ለማስገባት ሲታገሉ በመቆየታቸው ነው። አጥሩ አልገባም። አባሉ ገብተዋል።

የተገኙ፦

ሰብሳቢ፦ አባት፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ

ገንዘብ ያዥ፦ እናት፣ ልብስ ሰፊ

የክብር አባል፦ አያት፣ የእናት እናት

አባል፦ አጎት፣ የእናት ታናሽ ወንድም፣ በያጅ

ተጋባዥ ባለሙያ፦ ጎረቤታችን የጥርስ ሐኪሙ (ድምፅ የላቸውም)

ጸሐፊ፦ የቤቱ ልጅ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ (ድምፅ የለውም)

ያልተገኘች፦ የቀድሞዋ ጸሐፊ፣ የአሁኑ ጸሐፊ ታላቅ እህት። ምክንያቱ ይታወቃል።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በቤታችን ደንብ መሠረት ስብሰባ የሚጸናው አራቱ አባላትና አንድ ጸሐፊ ሲሟሉ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰብሳቢው ናቸው። ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት የፈጁ ሰው ስለሆኑ ያልተጻፈ ነገር አልተደረገም ብለው ያምናሉ። የቀድሞዋ ጸሐፊ ታማ ከተለየችን ወዲህ ቦታው ክፍት ስለነበረ ስብሰባ አልተደረገም። ስብሰባ ስላልተደረገም በቤቱ ውስጥ የተወሰነ ነገር የለም። መጋረጃው በግማሽ እንደተሰቀለ ነው። የሚያፈሰው ቧንቧ ከሥሩ ባልዲ እንደተደቀነለት ነው። በቀደም ባልዲው ሞልቶ ወለሉን ሲያጥለቀልቅ ገንዘብ ያዧ «ኧረ በቃ አንድ ሰው ይጻፍና እንገላገል!» በማለታቸው የአሁኑ ጸሐፊ ተሹሟል። ሹመቱን አልጠየቀም። የሚጽፍበት እስክሪብቶ የእሷ ነው።

የመወያያ ነጥቦች፦

፩. ካለፈው የዞረ ጉዳይ

፪. ለጓሮው የሚሆን፣ ከዛፉ ተቆርጦ እንዲሁ የሚበላ ጣፋጭ ፖም መምረጥ

፫. የሚተከልበት ቦታ

፬. ልዩ ልዩ

ነጥብ ፩፦ ካለፈው የዞረው ጉዳይ «ጸሐፊ ድምፅ ይኑረው» የሚል ነው። ጥያቄውን የቀድሞዋ ጸሐፊ በየስብሰባው ስታቀርበው፣ ስብሰባውም በየጊዜው ለሚቀጥለው ሲያስተላልፈው ኖሯል። በመጨረሻው ቃለ ጉባኤ ላይ በራሷ እጅ «ጸሐፊዋ የቤቱን ጭቅጭቅ ሁሉ እየጻፈች ራሷ እንዳትጨቃጨቅ መከልከሏን አጥብቃ ተቃውማለች» ብላ መዝግባለች። ሰብሳቢው ከልማድ የተነሳ ቀና ሳይሉ «ለሚቀጥለው ይተላለፍ» አሉ። ካሉ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። ተላልፏል።

ነጥብ ፪፦ ሰብሳቢው ሲያብራሩ ጓሮው ባዶ መሆኑን፣ ሰው ጠዋት መስኮት ሲከፍት ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር እንደሚያስፈልገው ገለጹ። የሚተከለው ፖም የሚቀቀል ዓይነት ሳይሆን ተቆርጦ፣ ሸሚዝ ላይ ተወልውሎ የሚገመጥ መሆን እንዳለበት ሁሉም ተስማሙ። ከዚህ በኋላ የተስማሙበት ነገር የለም።

የክብር አባሏ ፖሙ ለስላሳ እንዲሆን ጠየቁ። ቃል በቃል ይመዝገብልኝ ስላሉ፦ «ጥርሶቼን አንድ በአንድ ሸኝቻለሁ፤ የቀሩት ሁለቱም ተኳርፈው ፊትና ኋላ ነው የተቀመጡት።» በዚህ ጊዜ ተጋባዡ ባለሙያ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

አጎት በበኩላቸው ፖም ማለት ሲገመጥ ከጎረቤት የሚሰማ መሆን አለበት አሉ። የክብር አባሏ «አንተ ስትበላማ ምን ፖም ያስፈልጋል፣ ገንፎም ይሰማል» ሲሉ መለሱ። ገንዘብ ያዧ መራራና ጎምዛዛ በቃኝ፣ የሚጣፍጥ ብቻ ይሁን አሉ። ሰብሳቢው ከተለቀመ በኋላ መደርደሪያ ላይ ለወራት ሳይበላሽ የሚቆይ እንዲመረጥ አሳሰቡ። ገንዘብ ያዧ «የምንተክለው እኮ ዛፍ ነው፣ ፋይል አይደለም» የሚል አስተያየት ሰጡ። ሰብሳቢው አስተያየቱ እንዳይመዘገብ ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ክርክሩን በማስረጃ ለመቋጨት ገንዘብ ያዧ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፖም ከገበያ ገዝተው፣ ቆራርጠው በሳህን አቀረቡ። ቀለም አይቶ እንዳያዳላ አንድ ቀማሽ ዓይኑ ይሸፈን ተባለ። አጎት ለዚህ ኃላፊነት ራሳቸውን አቀረቡ። ዓይናቸው በክብር አባሏ ሻርፕ ታሰረ። አንዱን ቀምሰው «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ይደገም» አሉ። ተደገመ። ሁለተኛውን ቀምሰው ከመጀመሪያው ጋር ለማወዳደር የመጀመሪያው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ተመለሰላቸው። ተጋባዡ ባለሙያ ስለ ብሩሽ አጠቃቀም ለክብር አባሏ ሲያስረዱ ሁሉም ወደዚያ ዞሮ ስለነበረ በመሃል የሆነውን ያየ የለም። ድምፅ ሊሰጥ ሲል ማስረጃው በሙሉ መበላቱ ታወቀ። አጎት ሻርፑን ሳይፈቱ «የመጨረሻው ነው የጣፈጠኝ» ሲሉ መሰከሩ። የመጨረሻው ምን ቀለም እንደነበረ ሲጠየቁ፣ ዓይናቸው ታስሮ እንደነበር ለስብሰባው አስታወሱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ «የመጨረሻው» እንዲተከል ተወስኗል።

ቀጥሎ ተጋባዡ ባለሙያ ስለ ፖም አስተዳደግ እንዲያስረዱ ዕድል ተሰጣቸው። የክብር አባሏ የባለሙያውን ብቃት ተቃወሙ። የዶክተሩ የፖም ዛፍ በግንቡ ማዶ በየዓመቱ በአበባ እንደሚሸፈን፣ ፍሬ ግን አፍርቶ እንደማያውቅ አስረዱ። ሐኪሙ ጥፋቱ የዛፉ አለመሆኑን ተናገሩ። ፖም ብቻውን ፍሬ አይዝም፤ በአቅራቢያው በተመሳሳይ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዓይነት ፖም ሊኖር፣ ንቦችም የአበባውን ብናኝ ካንዱ ወደ ሌላው ሊያመላልሱለት ይገባል አሉ። የክብር አባሏ «ታዲያ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ሳትድረው ምን ትጠብቃለህ?» ሲሉ ጠየቁ።

አጎት የሥርዓት ጥያቄ አነሱ። ዶክተሩ የመጡት ሊያማክሩን ሳይሆን ለዛፋቸው ሚስት ሊያጩ መሆኑን፣ ይህም የጥቅም ግጭት መሆኑን ገለጹ። ሐኪሙ አልካዱም። እንዲያውም ሽማግሌ ለመላክ አስበው እንደነበር ቀልደዋል። ጥቅማቸው እንዲመዘገብላቸው ተወስኗል። ተመዝግቧል።

ነጥብ ፫፦ ቦታን በተመለከተ አጎት በበሩ አልገባ ያለውን አጥር በመስኮት በኩል አሳዩ። የዛፉ መጠበቂያ ነው። ቁመቱ ከአጎት ይበልጣል፤ በርና ቁልፍ አለው። ዛፉ ገና ያልተገዛ ቢሆንም ጥበቃው አስቀድሞ መዘጋጀቱን፣ ፍየልም ሆነ የሰፈር ኳስ እንደማይደፍረው አብራሩ። ገንዘብ ያዧ «አንተ፣ ይሄ ለችግኝ ነው ለኮርማ?» ብለው ጠየቁ። አጎት ዛፍ እንደሚያድግ መለሱ።

ፖም ፀሐይ እንደሚወድ ሐኪሙ አስረዱ። በጓሯችን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከግንቡ ሥር ነው። እዚያ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። አንድ እግሩ ተሰብሮ አጎት በሽቦ ጠፍረውታል። የቀድሞዋ ጸሐፊ እዚያ ላይ ቁጭ ብላ ፀሐይ ትሞቅ ነበር።

ወንበሩ ይነሳ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ተደገፈ። ማን ያንሳው የሚለው ሲጠየቅ ሰብሳቢው ገንዘብ ያዧን አዩ፣ ገንዘብ ያዧ አጎትን አዩ፣ አጎት ስልካቸው የጠራ መስሏቸው ኪሳቸውን ዳበሱ። ስልኩ አልጠራም። ከረጅም ውይይት በኋላ ወንበሩ «በሚመለከተው አካል» እንዲነሳ ተወስኗል። የሚመለከተው አካል አልተሰየመም።

ያ ቦታ ለየትኛው ችግኝ እንደሚገባ ጸሐፊው የራሱ ሐሳብ ነበረው። ድምፅ ስለሌለው አልተናገረም።

ነጥብ ፬፦ በልዩ ልዩ ሥር ገንዘብ ያዧ ተነስተው ከኩሽናው መስኮት ላይ የቀለም ጣሳውን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከገበያ የሚገዛው ቀርቶ ፀሐያማው ቦታ ለዚህ ይሰጥ አሉ።

ለተጋባዡ ባለሙያ መግለጫ ተሰጥቷል። በጣሳው ውስጥ ያለው የፖም ችግኝ ነው። የቀድሞዋ ጸሐፊ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ከበላችው ፖም ዘሩን ይዛ መጣች፤ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጎን ለሳምንታት አቆየችው። ገንዘብ ያዧ ፍሪጅ ሲያጸዱ ሊጥሉት ሲሉ ከመኝታ ቤት «ኧረ ተይ እማዬ! ተኝቶ እኮ ነው!» ብላ ጮኻለች። በኋላ በአጎት ባዶ የቀለም ጣሳ ተከለችው። ሁለት ቅጠል ሲያወጣ አይታዋለች። አሁን ቁመቱ ክንድ ይሆናል፤ ቅጠሎቹ ግን ቢጫ ሆነዋል።

ሐኪሙ ጣሳውን ተቀብለው፣ ወደ ብርሃን አዙረው፣ በጣታቸው አፈሩን ጫን አደረጉ። ጣታቸው እስከ ቀለበታቸው ሰመጠ። ለታካሚ በሚናገሩበት ድምፅ «ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የክብር አባሏ እጃቸውን አወጡ። ሁሉም ስለረሳው እሳቸው ቀትር ላይ እንደሚያጠጡት፣ አንዳንዴም የተረፈ ሻይ እንደሚጨምሩለት ገለጹ።

ገንዘብ ያዧ ደንግጠው ሁሉም ስለረሳው እሳቸው ጠዋት ጠዋት እንደሚያጠጡት ተናገሩ።

አጎት ማታ ከሥራ ሲመለሱ እንደሚያጠጡት አመኑ። መጠኑን ሲጠየቁ «አንድ ጆግ» አሉ። የክብር አባሏ «አንድ ጆግ! ፈረስ ነው እንዴ?» አሉ።

ጸሐፊው ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንደሚያጠጣው በዚህ ይመዘግባል።

ሐኪሙ ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። ሰብሳቢው ወረቀት ሲያገላብጡ ቆዩ። በመጨረሻ «ማለዳ፣ እናንተ ሳትነሱ» አሉ። «ትንሽ ብቻ ነው።»

«ትንሽ ብቻ?» አሉ የክብር አባሏ። «የመስኮቱ እንጨት በትንሽ ነው የበሰበሰው?»

ሳቅ ሆነ። መጀመሪያ የሳቁት ገንዘብ ያዧ ናቸው፤ ማቆም አቅቷቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። አጎትን ሳቁ አንቆ ያዛቸውና ጀርባቸው ተመታላቸው። በዚህ ቤት እንዲህ ከተሳቀ ቆይቷል፤ ስብሰባውም ለዚህ ጊዜ አልመደበም ነበር።

ሐኪሙ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው አስረዱ። ጣሳው ከታች ቀዳዳ የለውም፤ ችግኙ እየሰጠመ ነው። አጎት ወዲያውኑ መሰርሰሪያ ላምጣ ብለው ተነሱ። ሐኪሙ መብሳት የእሳቸው ሙያ መሆኑን ጠቆሙ። አጎት ጣሳ ቆርቆሮ እንጂ ጥርስ አይደለም አሉ። ሐኪሙ ችግኙን ሳያሳምሙ እንደሚበሱት ተናገሩ። የሁለቱ ባለሙያዎች ክርክር ሲጦዝ የክብር አባሏ «ሚስማር አምጡልኝ» በማለታቸው ተቋረጠ።

ቀዳዳ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ጣሳው ለሥሩ እንደጠበበው ሐኪሙ ቀጥለው ገለጹ። ከዘር የበቀለ ፖም እናቱን ላይመስል እንደሚችል፣ ፍሬው ጣፋጭ ይሁን ጎምዛዛ ማንም እንደማያውቅ፣ ለማየትም ስምንት ዓመት ያህል ሊያስጠብቅ እንደሚችል አልደበቁም። ከገበያ የሚገዛው ግን በደህና ሥር ላይ የጣፋጭ ዛፍ ቅርንጫፍ የተጣበቀበት ስለሆነ ቶሎ ያፈራል፣ ጣዕሙም የታወቀ ነው አሉ።

አጎት የገበያውን ደገፉ። የጣሳው ችግኝ በእሳቸው አጥር ውስጥ ሲገባ እስር ቤት ውስጥ የተረሳ እስረኛ እንደሚመስል ሥጋታቸውን ገለጹ። ሰብሳቢውም የገበያውን ደገፉ። ጣሳው በመስኮቱ ላይ እንዳለ ይቆይ አሉ። ገንዘብ ያዧ «እዚያ ከቆየ ይሞታል ተባለ እኮ!» አሉ። ሰብሳቢው እስክሪብቷቸውን ከፍተው ዘጉ።

«መሬት ካስገባነው በኋላ ቢሞትብንስ?» አሉ።

ቧንቧው ባልዲው ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ጸሐፊው የሚለው ነገር ነበረው፤ ደንቡ ግን ይከለክለዋል። ምን እንደነበር እዚህም አይጻፍም።

ድምፅ ተሰጠ። ለገበያው ችግኝ፦ ሰብሳቢውና አጎት። ለጣሳው ችግኝ፦ ገንዘብ ያዧና የክብር አባሏ። ሁለት ለሁለት። ሐኪሙ እሳቸው አምስተኛ ሊሆኑ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ጥቅማቸው ከተመዘገበበት ገጽ ተነበበላቸው።

ሰብሳቢው ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ሊሉ ሲሉ የክብር አባሏ ጠረጴዛውን በሚስማሩ መቱ። ቃል በቃል፦ «ስታስተላልፍ ስታስተላልፍ ልጅቱን አሳለፍካት! ነጥብ አንድን ክፈት። ይሄ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲጽፍ ከንፈሩን እየነከሰ እንደሆነ አታይም? ድምፅ ስጠው።»

ሰብሳቢው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ቀጥሎ ውሳኔ ሲያነቡ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ነጥብ ፩ መከፈቱን፣ ጸሐፊ ድምፅ እንዲኖረው መፈቀዱን፣ ፈቃዱም የሚጸናው ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ መሆኑን አወጁ።

አጎት እንግዲያው የቀድሞዋ ጸሐፊም ድምፅ ነበራት ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው «ነበራት» አሉ። ለየትኛው እንደሰጠች በምን ይታወቃል ሲባል ገንዘብ ያዧ ወደ ጣሳው አመለከቱ። «ማን የተከለው መሰለህ?» አሉ።

ሰብሳቢው ወደ አሁኑ ጸሐፊ ዞረው «አንተስ፣ ልጄ?» አሉ።

ጸሐፊው እጁን አወጣ። እጅ አውጥቶ መጻፍ ስለማይቻል ይህ ዓረፍተ ነገር የተጻፈው በኋላ ነው።

ውጤት፦ ለጣሳው ችግኝ አራት፣ ለገበያው ሁለት። ሰብሳቢው ቆጥረው፣ ደግመው ቆጥረው «ይመዝገብ» አሉ። ከዚያም ስብሰባውን ሳይዘጉ፣ ፈቃድም ሳይጠይቁ በኩሽናው በር ወደ ጓሮ ወጡ። በመስኮት ሲታዩ ነጩን ወንበር በሁለት እጃቸው አንስተው ወዲያና ወዲህ ሲያዩ ቆዩ። ቀጥሎ ጥቂት እርምጃ ራቅ አድርገው አስቀመጡትና በእጃቸው አቧራውን ጠረጉት። ሐኪሙ ሰብሳቢው ቦታውን አሰላስለው የመረጡት እንደሚመስል፣ ዛፉ ሲያድግ ከሰዓት በኋላ ጥላው የሚያርፈው እዚያ እንደሆነ ተናገሩ። የአካፋ ድምፅ ተሰማ።

ሰብሳቢው ስለሌሉ የክብር አባሏ በሰብሳቢነት ተተክተው የሚከተለውን የመጨረሻ ውሳኔ አሳልፈዋል፦

በነጥብ ፩ የተላለፈው አልተላለፈም። በነጥብ ፪ «የመጨረሻው» እንዲተከል የተወሰነው ተሽሯል፤ የመጨረሻው ምን እንደነበረም ከእንግዲህ አይጠየቅም። በነጥብ ፫ ወንበሩን የሚመለከተው አካል እንዲያነሳው የተወሰነው ተሽሯል፤ ተነስቷልና። ችግኙ ከጣሳው ወጥቶ በዛሬው ዕለት ይተከላል። ሐኪሙ እንዳረጋገጡት ከዘር የበቀለ ፖም ራሱን የቻለ ዓይነት ስለሆነ አብረው ካበቡ ለእሳቸው ዛፍ አጣማጅ ይሆናል፤ ስለዚህ የኛው ጎምዛዛ ቢወጣ እንኳ ከግንቡ ማዶ የሚያፈራውን ጣፋጭ ሁለቱ ቤቶች እኩል ይካፈላሉ። ሐኪሙ በደስታ ፈርመዋል።

የአጎት አጥር በችግኙ ዙሪያ ይተከላል፤ ዓላማው ግን ተቀይሯል። አጥሩ ከእንግዲህ ችግኙን የሚጠብቀው ከፍየል ሳይሆን ከዚህ ቤተሰብ ነው። በሩ ይቆለፋል፤ ቁልፉን ጸሐፊው ይይዛል፤ ውኃ የሚያጠጣውም እሱ ብቻ ነው፣ ያውም አፈሩን በጣቱ ነክቶ ደረቅ ሲሆን። ሌላ ሰው በአጥሩ ቀዳዳ ጆግ ሲያስገባ ቢገኝ በሚቀጥለው ስብሰባ ይጠየቃል። አጎት ይህ እሳቸውን ለይቶ ያነጣጠረ አንቀጽ ነው ሲሉ ተቃወሙ። ነው።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበትኗል፤ ሰብሳቢው ከውጭ «ውኃ አምጡልኝ!» ብለው ሲጣሩ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ስለተነሳ።

ጸሐፊ (ከነድምፁ)